በፍልሰታ የወደቀው በሬ

«ገመዱን ልቀቂው! ልቀቂው ብዬሻለሁ፣ አንቺ ልጅ!»

ከሪማ ሻሿን እያሰረች ከቤት ስትወጣ ልጇ መዲና በጥጃዋ ገመድ እየተጎተተች የደጁን ጭቃ በደረቷ ልትጠርገው ምንም አልቀራትም። የአሥር ዓመቷ መዲና ገመዱን መልቀቁን ትታ በሳቅ ትንፈረፈራለች። የስድስት ዓመቷ እህቷ ኡሙልኸይር ደግሞ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ «ጎትቻት! ጎትቻት!» እያለች ነገር ታጋግላለች። ጥጃዋም ብትሆን ጨዋ አልነበረችም፤ የመዲናን የኢድ ቀሚስ ጫፍ አኝካ ከበላች ገና ሁለት ቀኗ ነው።

«ተያት፣ ከሪማ፤ ማን ያልተጎተተ አለ? እኔም በሷ ዕድሜ እንዲሁ ተጎትቼ ነው ያደግሁት» አለች የቤቱ እመቤት ጥሩነሽ፣ የወተት ቅሏን አቅፋ ከበረት እየወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከሪማ ባል አብዱልቃኒ በደብረ ማርቆስ የጨርቅ ነጋዴ ነው። የጥሩነሽ ባል አስማማው ከሉማሜ በላይ ተራራው ላይ የሚኖር ገበሬ ሲሆን፣ የሁለቱ ወዳጅነት አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። አስማማው ማርቆስ በወጣ ቁጥር ሱቁ ደጃፍ ይቀመጥና «የአንተ ልጆች ላም የሚያውቁት በብርጭቆ ነው! ይምጡና ይዩዋት እንጂ፤ እኔ እያለሁላቸው ግድግዳ ሲያዩ ይከርማሉ?» ይላል። በ፲፱፻፷፫ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብዱልቃኒ በመጨረሻ እሺ አለ። እስከ ሉማሜ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ሽቅብ በበቅሎ ቤተሰቡን አደረሰ። ሁለት ሌሊት አደረና «ቅዳሜ መጥቼ እወስዳችኋለሁ» ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። በአስማማው ቤት ወተት የሚቀምስ ክርስቲያን የለም። ላሞቹ ግን ምን ጾም ያውቃሉ! የክረምቱን ሣር ግጠው ወተቱን ያፈሱታል፤ ትኩስ ትኩሱ ሁሉ ለእንግዶቹ ሆነ። ጥሩነሽ ለነከሪማ ብላ አዲስ ድስትና አዲስ ጣባ ከገበያ ገዝታ፣ ከቤቱ ዕቃ እንዳይነካካ ለብቻው አስቀምጣለች። እስላም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ክርስቲያንም እስላም ያረደውን አይበላም፤ ይህን ጎጃም ውስጥ ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል።

አስማማው ለእንግዶቹ አንዲት ቀይ ዶሮ ሰጥቷቸው ነበር። አብዱልቃኒ ሳያርዳት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ዶሮዋ ከምሰሶው ሥር እንደታሰረች በየቀኑ እንቁላል እየጣለች ትኖራለች፤ ማን ይረዳት? ሴት አታርድም። ከሪማ ማርቆስም እያለች፣ ባሏ መንገድ ሲሄድ፣ ዶሮና ቢላዋ ይዛ ደጅ ትቆማለች፤ አንድ ሙስሊም ወንድ ሲያልፍ «ወንድሜ፣ እረድልኝ» ትላለች። የጥሩነሽም ወግ ያው ነው፤ የምትለምነው ክርስቲያን ይሁን እንጂ። እዚህ ተራራ ላይ ግን የሚያልፍ ሙስሊም ከየት ይመጣል?

«ይቺ ዶሮ ዕድሜ የተጻፈላት ናት!» ይል ነበር አስማማው እየሳቀ።

የአስማማው እናት እማማ ወለተ ኢየሱስ ግን በመጀመሪያው ቀን አልሳቁም። «እንግዳ አንድ ቀን ወርቅ፣ ሁለት ቀን ብር፣ ሦስት ቀን ብረት» ብለው ለልጃቸው ሲያንሾካሹኩ ከሪማ ሰምታለች። የሚጠጡባትን ቅል እንግዳ እንዳይነካባቸው ከራስጌያቸው ሰቅለው ነበር። በአራተኛው ቀን ግን ኡሙልኸይርን እግራቸው ሥር አስቀምጠው እንዝርት ሲያሾሩላት ተገኙ። ብረት የተባሉት እንግዶች ሳምንት ሊሞላቸው ነው፣ እሳቸውም ስለ ብረት ካነሡ ቆዩ።

ዛሬ ጠዋት ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲያልሙት የከረሙትን ፏፏቴ ለማየት ነበር የታሰበው። ጮቄን ጉሙ ሲገለጥ ከሩቅ አይተዋል፣ ንብ ከቀፎ ሲወጣ አይተዋል፤ ፏፏቴው ግን ድምፁ ብቻ ሌት ተቀን ይሰማቸዋል። አስማማው በቅሎዋን ጭኖ፣ ከሪማ ለመንገድ ቆሎ ቋጥራ፣ ልጆቹ ጥጃዋን ካልወሰድን ብለው ገና እየተሟገቱ ሳለ ከቤቱ ጀርባ ጩኸት ተሰማ።

«ኧረ አስማማው! ኧረ ድረስ! ቦራ ገደል ገባ!»

የጎረቤቱ የእንዳላማው ድምፅ ነው። አስማማው የበቅሎዋን ልጓም ጥሎ ሮጠ፣ ሴቶቹም ተከተሉት።

ቦራ የአስማማው የቀኝ በሬ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው፣ ሲጠሩት የሚሰማ። ከበረቱ ጀርባ ያለው ሣር ለምለም ነው፣ ከሣሩ ቀጥሎ ያለው መሬት ግን ድጥ ነው። ቦራ ተንሸራቶ ከሥር ካለው ሸለቆ ወድቋል። አንገቱን ያነሣል፣ ይተነፍሳል፤ ከወገቡ በታች ግን አይንቀሳቀስም። አስማማው ከራሱ አጠገብ ጭቃው ላይ ተቀመጠና ቀንዱን ያዘ። የጤፉ ማሳ ገና ግማሹ አልታረሰም።

ከሪማ ቀና ብላ በረቱን አየች። አግዳሚው እንጨት መሬት ላይ ተጋድሟል። መዲና ከኋላዋ ቀሚሷን ያዘቻት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ጥጃዋን ሳወጣ… እንጨቱን አልመለስኩትም።»

ከሪማ ልጅቱን ይዛ ወረደችና አስማማው ፊት ቆመች።

«ጋሼ አስማማው፣ በረቱን ክፍት የተወችው ልጄ ናት። ወላሂ፣ ምን እንደምልዎት አላውቅም።»

አስማማው ቀና ብሎ መዲናን አያት። «ልጅ ናት፤ እኔስ በዚህ ሽበቴ ረስቼው አላውቅም? ሂጂ እናቴ፣ አታልቅሺ» አላት።

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ያ ደግነት ከሪማን ከእርግማን የባሰ አቃጠላት። ሰባት ቀን ሙሉ ወተቱን ጠጡ፣ አልጋውን ተኙበት፤ በመጨረሻው የሰውየውን ግማሽ ጥማድ ገደል ከተው ሊሄዱ ነው።

እንዳላማው ቁና ቁና እየተነፈሰ በሬውን ዞሮ አየና «አይነሣም» አለ። «ጾም ባይሆን ኖሮ ዛሬውኑ ቅርጫ ጥለን፣ ብሩን አዋጥተን፣ ለሚቀጥለው ገበያ ሌላ በሬ እናስገዛህ ነበር። አሁን በፍልሰታ ማን ሥጋ ይነካል? ለጅብ ሆነ እኮ!»

«ሉማሜ ገበያ ላይ ዛሬ እስላሞች ሞልተዋል» አለች ጥሩነሽ።

«እኛ ያረድነውን ይበላሉ?»

«የነሱ ሰው መጥቶ ይረደው።»

«ወርዶ ሰው እስኪጠራ፣ ሰውየው እስኪወጣ ቀትር ያልፋል። በሬው ደግሞ እስከዚያ አይቆይም፤ የሞተውን ማንም አይበላም።»

«አብዱልቃኒስ?»

«አውቶቡሱም የሚደርስ ከቀትር በኋላ ነው» አለ አስማማው።

የፏፏቴው ድምፅ ብቻ ከማዶ ይሰማል። ከሪማ አባቷን አሰበች። ጉንደ ወይን ላይ ሸህ ነበሩ፤ ወንዶቹን ኪታብ ሲያስተምሩ እሷ ከመጋረጃ ጀርባ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች። አንድ ቀን አንዱ ደረሳ «ሴት ብታርድስ?» ብሎ ጠየቀ፣ ሌሎቹ ሳቁበት። አባቷ ግን አልሳቁም። «ሙስሊም ትሁን፣ የአላህን ስም ትጥራ፤ ያረደችው ይበላል» አሉ። ከሪማ ይህን ከሰማች ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ ስታርድ ያየቻት ሴት ግን እስካሁን የለችም።

«ጋሼ አስማማው፣» አለች፤ ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እኔ አለሁ አይደለም?»

«ምን ልትሆኚ?»

«ልረደው።»

«አንቺ!» አለች ጥሩነሽ አፏን ይዛ። «ወይ ጉዴ! ዶሮ ያላረድሽ በሬ?»

«ዶሮማ እረድልኝ የምለው ሰው አላጣሁ። ዛሬ ግን ማንን ልበል?» ወደ አስማማው ዞረች። «የማርደው በእኛ ወግ ነው። በሬው የእርስዎ ነው፤ ካልወደዱ አልነካውም።»

እንዳላማው ጉሮሮውን ጠረገ። «በክርስቲያን ደጅ፣ ያውም በእመቤታችን ጾም፣ የእስላም ቢላዋ… አገሩስ ምን ይላል?»

«አገሩ የሚለውን ይበል!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። እማማ ወለተ ኢየሱስ ከቅዳሴ ተመልሰው በመቋሚያቸው ተደግፈው ሸለቆው አፋፍ ላይ ቆመዋል። «እግዜር ለሰው የሰጠውን ለጅብ ብንሰጥ ነው ጾሙ የሚጸድቅልን? እኔ ባሌ ሲሞት ደጅ ቆሜ ዶሮ ይዤ ለምኛለሁ፤ ሰው ማጣት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። አስማማው፣ እግሩን እሰርላት!»

አስማማው ተነሣ። «እሺ፣ እህቴ። እጁ ያንቺ ይሁን» አለ።

ወንዶቹ የቦራን እግር አሰሩ። «ወደ ሰሜን፣ ወደ መካ አዙሩልኝ» አለች ከሪማ፣ አዞሩላት። ልጆቹን ጥሩነሽ ወደ ቤት ወሰደቻቸው። ቢላዋው የአስማማው ነው፤ ከሪማ በሸለቆው ወራጅ ውሃ አጠበችው፣ አውራ ጣቷን አሳርፋ ስለቱን አየች። ቦራ በትልልቅ ዓይኖቹ አያት። «ይቅር በለን» አለችው በልቧ፤ ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር!» አለች። ቢላዋውንም በአንድ ጊዜ ሳበችው።

ሲያበቃ ደም በነካው እጇ ቢላዋውን አስቀመጠች። እማማ ወለተ ኢየሱስ ቀስ ብለው ወረዱ። እጅ ማስታጠቢያ አልነበረም፤ አሮጊቷ ከራስጌያቸው የሚሰቅሏትን ቅል አስመጥተው ውሃ ሞሉባት፣ በገዛ እጃቸው አፈሰሱላት። «ታጠቢ፣ ልጄ። ደግሞም ጠጪበት» አሏት።

እንዳላማው ሉማሜ ወርዶ ሙስሊም ገዢዎች ሊጠራ በቅሎዋ ላይ ሊወጣ ሲል ቆም አለ። «ማን አረደው ቢሉኝስ?»

አስማማው የበቅሎዋን ልጓም አቀበለው። «አንድ መንገደኛ ነጋዴ በላቸው። ሴት ናት ካልናቸው ሳያዩት ይመለሳሉ።»

ከሪማ ሰማች፣ ዝም አለች። ዝም ማለቷ ግን ቀኑን ሙሉ እንደ አሜኬላ ወጋት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከሉማሜ አምስት ሙስሊም ነጋዴዎች አጋሰስ እየነዱ ደረሱ። ከፊታቸው ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙት ሽማግሌ ሐጂ ሐምዱ ናቸው፤ ከኋላ አብዱልቃኒ አለ፣ ከአውቶቡስ ሲወርድ እንዳላማው አግኝቶት ነው። ልጆቹ እየሮጡ አባታቸው አንገት ላይ ተጠመጠሙ።

ሐጂ ሐምዱ የበሬውን አንገት ጎንበስ ብለው መረመሩ። «ደህና ተደርጓል። አራጁ የታለ?»

«መንገደኛ ነው፣ ሐጂ። አልፎ ሄደ» አለ አስማማው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«የየት አገር ሰው ነው? ስሙስ?»

አስማማው አፉን ከፈተ። ጾም ላይ ነው፤ ለውሸቱ ስም ልስጠው ቢል አቃተው። ከሪማ አየችው። እውነቱን ብትናገር ሰዎቹ ትተውት ሊሄዱ ይችላሉ፤ በሬው ከነተስፋው ለጅብ ነው። ዝም ብትል ደግሞ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ቤታቸው ገብተው በሷ ውሸት ላይ ቢስሚላህ ሊሉ ነው። ከጥሩነሽ ጎን ወጥታ ቆመች።

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ። እኔ ነኝ ያረድኩት።»

አንዱ ጎረምሳ ነጋዴ ሳቀ፣ ሊገፍፍበት ያወጣውን ቢላዋ መልሶ ሰገባው ውስጥ ከተተ። አብዱልቃኒ ፊቱ ቀላ።

«ከሪማ!» አላት። «ምንድን ነው የምትይው?»

«ተዋት ትናገር» አሉ ሐጂ ሐምዱ። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የጉንደ ወይኑ የሸህ ሙሐመድሳኒ።»

«ስሙን ጠርተሻል?»

«ጠርቻለሁ።»

«በሬው ሕይወት ነበረው?»

«ያየኝ ነበር፣ ሐጂ።» ይህን ስትል እንባዋ መጣ።

ሽማግሌው ወደ በሬው አንገት ዳግም ጎንበስ አሉ።

«ኪታቡ ይፈቅዳል» አሉ በመጨረሻ። «የማይፈቅደው የእኛ ልማድ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ? ስሙ የማይታወቅ መንገደኛ ነው ብላችሁ ብትጸኑ ኖሮ አጋሰሶቼን ባዶአቸውን እመልስ ነበር፤ የማላውቀው እጅ ያረደውን ምን ብዬ ለሰው አበላለሁ? ይህችን ግን አባቷን አውቃለሁ።» ወደ ጎረምሳው ዞሩ። «አንተ፣ ቢላዋህ ዝጓል እንዴ? ና ግፈፍ!»

ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ሥጋው ተከፋፍሎ ተጫነ። ሐጂ ሐምዱ የሥጋውን ዋጋ ከፍለው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ላይ ለአስማማው በሬ አብረውት ሊመርጡለት፣ የጎደለውንም አብዱልቃኒ ሊሞላው ተስማሙ። አስማማው የቦራን ቆዳ አጥር ላይ ዘርግቶ ጥቂት ቆመ፣ ከዚያ ገብቶ ጥሩነሽን «ራበኝ» አላት። ጥሩነሽ ሽሮውን አቀረበች።

አብዱልቃኒ ከሪማን ለብቻዋ አገኛት። «ይኼ ወሬ እኮ ማርቆስ ከእኛ ቀድሞ ይገባል» አለ።

«ይግባ።»

«ሱቅ ደጃፍ ምን ይሉኛል?»

«ሚስትህ በሬ አረደች ይሉሃላ። ውሸት ነው?»

አብዱልቃኒ ሊቆጣ ፈለገ፤ ሳቁ ቀደመው። «በይ ጓዝሽን ሰብስቢ፣ ለነገ አውቶቡስ በማለዳ እንወርዳለን።»

«እኛ አንወርድም» አለች ከሪማ። «መዲና አዲሱ በሬ እስኪገባ ድረስ ማታ ማታ በረቱን ራሷ ትዘጋለች፤ ጋሼ አስማማውን ጠይቄ ፈቅደውልኛል። ደግሞም ፏፏቴውን አላየነውም።»

አብዱልቃኒ አያት፣ አያትና ራሱን ነቀነቀ። ከምሰሶው ሥር ቀይዋ ዶሮ ትጭራለች። ጎንበስ ብሎ ገመዷን ፈታና ክንፏን ያዘ።

«እንግዲያው ይቺን ልረድላችሁና ልሂድ። ሌላ ሳምንት ሙሉ ያለ ሥጋ አትቆዩም።»

ከሪማ ዶሮዋን ከእጁ ተቀበለችውና መልሳ አሰረቻት።

«ትቆይ» አለች። «ስንፈልጋት እኔ አርዳታለሁ።»