አባባ የሳለው ጣውላ

አባባ ሲዋሽ ለምስክርነት የሚጠራው ሙት ነበር፤ ሙት አይከራከርማ። ሳሎናችን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ስለቆመው አሮጌ ፒያኖ የጠራቸው ሙታን ቢሰበሰቡ አንድ መቃብር አይበቃቸውም። የንጉሥ ልጅ ነበረች አሉ የምትጫወትበት፤ ስትጫወት ወፍ ከጣሪያ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ያርፍ ነበር። እኔም የአባቴ ልጅ አይደለሁ? ለሰፈሩ ሳወራ ወፉን አሞራ አደረግሁት።

ቢሸጥ ቤት ያስገዛል እያለ አባባ ክዳኑን ቆልፎ ቁልፉን ቀበቶው ላይ አንጠለጠለ። ታላቅ እህቴ ግን ቤት መች አማራት፤ መጫወት ነበር የፈለገችው። በልጅነቷ አላስቀምጥ ስትለው ጣውላ ላይ በጣት የሚመቱትን ነጭና ጥቁር የፒያኖ ጥርሶች በቀለም ስሎ ሰጣት፤ በዚህ ተለማመጂ፣ ስትበቂ እከፍትልሻለሁ አላት። ተለማመደች። ሬዲዮ ላይ ፒያኖ ሲሰማ ጣውላዋን ጭኗ ላይ ታደርግና ጣቶቿ ይሮጣሉ። ልብስ ሰፊ ሆነች፣ ፀጉሯ ሸበተ፣ የጣውላው ቀለም በለቀቀ ቁጥር መልሳ ትቀባዋለች። አባባ በቅተሻል ሳይላት ሞተ። ቁልፉ የት እንደገባ እንጃ፤ እኔ አሞራው በላው እላለሁ።

ፒያኖውን እንሽጠው አልኩ። መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው አለች።

የጠራነው ፒያኖ ቃኚ ቦርሳው ከሱ የሚከብድ ሽማግሌ ነው። ዕድሜ ልካችንን የፈራነውን ክዳን በታጠፈ ሽቦ ቀጭ አድርጎ ከፈተው። የጥርሶቹ ጫፍ በሲጋራ ተጠባብሷል፤ ከጥርሶቹ ግራና ቀኝ የብርጭቆ ቂጥ ክብ ክብ ሠርቷል።

«የንጉሥ ልጅ ታጨስ ነበር እንዴ?» አልኩ።

መጠጥ ቤት ያረጀ ነው አለ። እንደ ወንበር በገፍ የተሠራ ዓይነት ስለሆነ፣ ቢሸጥ የተሸካሚውን እንኳ አያወጣም። እኔ አፈር መሰልኩ። የእህቴ ፊት ግን በራ።

«ድምፁስ፣ ጋሼ?»

«ድምፁ ቢቃኝ ደህና ነው። ዋጋው መጫወቱ ነው፤ ሌላ ዋጋ የለውም።»

«እንግዲያው አይሸጥም» አለች ወደኔ ዞራ። «ሰማህ፣ አንተ ወሬኛ?»

ሰውዬው እስኪመሽ ሲቃኝ ዋለ። ሲጨርስ እጇን ታጥባ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች።

ስትመታው ድስት የታጨቀበት ጆንያ ደረጃ ላይ የተንከባለለ መሰለኝ። አቆመች፤ እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ድስት። ቃኚው ፒያኖውን ትቶ ጣቶቿን ያያል። ማን እንዳስተማራት ጠየቃት። ጣውላዋን አምጥታ ሰጠችው፤ እሱም ከፒያኖው ጥርሶች በላይ ይዞ ሁለቱን አስተያየ። ለእኔም ታየኝ። የፒያኖው ጥቁሮች ሁለት ሆነው ክፍት ይተዋሉ፣ ሦስት ሆነው ክፍት ይተዋሉ። አባባ ግን በየነጩ መሃል አንድም ሳይዘል ጥቁር ተክሏል፣ እንደ አጥር። ያን ሁሉ ዘመን የቆለፈበትን ነገር አንድ ቀን እንኳ አስተውሎ አላየውም።

«እታለም፣ ምናልባት የንጉሡ ልጅ ፒያኖ እንዲህ ይሆናላ» አልኳት። አልሳቀችም።

ቃኚው ቀስ ብሎ፣ ከሀ ብትጀምሪ ትችያለሽ አላት።

«እነዚህንስ ጣቶች የት ልጣላቸው?»

ክዳኑን ዘጋችው። ጣውላዋን ተቀብላው ጭኗ ላይ አደረገችና «ሬዲዮውን ክፈትልኝ» አለችኝ።

ከፈትኩት። ሙዚቃ የለም፤ አንዱ ጋዜጠኛ ወሬውን ይሰልቃል። ጣቶቿን ጣውላው ላይ ደርድራ እስኪጨርስ ጠበቀችው።