የአንቴናው ቀስት

አለምሰገድ በአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ጥገና መሥራት ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ስንቱን አውሮፕላን ሰማይ ሰዷል፤ እሱ ግን ፈርቶ አንድም ቀን በርሮ አያውቅም። ይህን ጉዱን ደብቆ ነው የኖረው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሐምሌ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳሉት ታጁራና ኦቦክ መድኃኒት ለምታመላልስ አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ሁለት አዲስ መሣሪያ ገጠመላት። አንዱ ያለችበትን ቦታ ከሳተላይት ይነግራታል፤ ሌላው ሌላ አውሮፕላን ሲቀርባት ያስጠነቅቃታል። አብራሪው ኮማንዳን ሙጠሊብ ድሬዳዋ ያደገ፣ ሠላሳ ዓመት ዓይኑንና ኮምፓሱን ብቻ አምኖ የበረረ ሰው ነው። የመረከቢያውን ወረቀት ገፋ አደረገና፣ "የገጠመው ሰው አብሮኝ ይወጣል፤ ፊርማ ከዚያ በኋላ ነው" አለ። ማን ይከራከረዋል?

በጥገናው ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምንም ያላገኘው የቦታ መሣሪያ፣ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሳተላይቶቹን አንድ በአንድ ለቀማቸው። ዓይን የማያያቸው ነገሮች ከዚያ ሁሉ ርቀት አለምሰገድ የቆመባትን አስፋልት ለይተው አወቋት! ከተነሱ በኋላማ ወደ ታች ያያል፣ ወደ ስክሪኑ ያያል፤ ሄሮን ሰፈር ከታችም ስክሪኑም ላይ አለ፣ ራስ ዲካ ሰፈርም እንዲሁ። ሚስቱ ፋናዬ ልብስ የምታሰጣበት ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈራቸው ከእግሩ ሥር አለፈ። ፍርሃቱን ረሳው።

ሲመለሱ ካምሲን የሚሉት ሞቃት ነፋስ አቧራውን አስነስቶ ሰማዩን ሸፈነው። ያኔ ከማስጠንቀቂያው መሣሪያ የሴት ድምፅ ጮኸ፦ "ትራፊክ! ትራፊክ!" ስክሪኑ ላይ ቢጫ ነጥብ በራ፤ ከፊት በስተቀኝ፣ ከነሱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እየቀረበ። ውጭ ግን አቧራ ብቻ ነው።

"ያለኝ ዓይን ሁለት ነው። የት ልትከለው? ነጥቡን ልመነው?" አለ ኮማንዳኑ።

አለምሰገድ ክው አለ። አውሮፕላኗ ጀርባ ላይ ያለው የዚህ መሣሪያ አንቴና ላዩ ላይ የተሳለ የአቅጣጫ ቀስት አለበት፤ ቀስቱ ወደ አፍንጫዋ ካልዞረ ስክሪኑ የኋላውን ፊት፣ የግራውን ቀኝ ያደርገዋል። ትናንት ከሥሩ ቀለም ሊፍቅ ነቅሎት ነበር። ሲመልሰው ቀስቱን አይቷል? ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለት አለ።

"ኮማንዳን፣ ይቅር ይበሉኝ። አንቴናውን ገልብጬው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ያለው ከኋላ በግራ ነው።"

ኮማንዳኑ አልተቆጣም። "እንግዲያው የኋላውን አንተ ያዝ፤ ፊቱን ለኔ ተው።"

አለምሰገድ አንገቱ እስኪቀጭ ዞረ። አቧራ። አሁንም አቧራ። ድንገት አውሮፕላኗ ቁልቁል ወረደች፤ ኮማንዳኑ መሪውን ወደፊት ገፍቶት ነበር። ፊቱን ሲመልስ ቤት የሚያክል ግራጫ የጭነት አውሮፕላን ከፊት በስተቀኝ ከአቧራው ወጥቶ በላያቸው አለፈ።

ካረፉ በኋላ አንቴናውን ሊያይ መሰላል አቁሞ ወጣ።

"ቀስቱስ?" አለ ኮማንዳኑ ከታች።

"ወደ አፍንጫዋ ነው።"

እንባው መጣ። ዕድሜ ልኩን ባዶ የመሰለው ሰማይ ለካ እንዲህ ሙሉ ነበር፤ ይህን የሚናገረውንም መሣሪያ በገዛ እጁ ነው የገጠመው። መዳፉን የጋለው ብረት ላይ አሳረፈ።

"ውረድ እንጂ፣ ልፈርም ነው!"

"ትንሽ ይታገሡኝ ኮማንዳን" አለ፤ እጁንም አላነሳም።