የድልድይዋ መስመር ክብደት

ዘጋችው ባለመነጽሯ፣ እሱ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ከኋላዋ ሲያልፍ ስክሪኗ ላይ የተከፈተውን፣ ከላይ ሰማያዊ ያለውን ገጽ ቶሎ ብላ ዘጋችው፣ ሰኞ አንዴ፣ ትናንት አንዴ፣ ዛሬ ሦስተኛዋ ነው፣ ምን ቢኖርበት ነው፣ ንጹሕ ሰው ገጽ ይዘጋል እንዴ? ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ይቀመጣል፣ አያያትም። ማለት ያያታል፣ በጠፋው የስልኩ መስታወት ውስጥ ነው የሚያያት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ክፍል የኖረው በዚህች ተረት ነው፣ ሚስቱ ደግሞ ጠዋት ጫማውን ሲያስር፣ የጠረጠረስ፣ አለችው፣ የጠረጠረስ ማን አብሮት ቀረ፣ አንተ እኮ ሰው ካልጠረጠርክ ቁርስም አይወርድልህ፣ ይሄኔ እሷም የሰማችው ነገር አለ፣ ማን ነግሯት ነው።

ባለመነጽሯ ወደዚህ ክፍል ከመጣች ሰባት ወሯ ነው። ከተፎካካሪ ድርጅት ነው የመጣችው፣ ደህና ሥራ ጥሎ የሚመጣ ሰው ምን ፈልጎ ይመጣል? አብራት የመጣችው እቴጌ ናት፣ እቴጌ ሰው አይደለችም፣ ፕሮግራም ናት፣ ስሙን ያወጣላት የክፍሉ ሰው ነው፣ መሃል ላይ ተቀምጣ የኢንተርኔቱን መስመር ሁሉ ባንድ ዓይን የምታይ፣ ይሄኛው ሲጨናነቅ በዚያ ሂዱ፣ ያኛው ሲበጠስ በዚህ ዙሩ እያለች ራሷ የምታዝ። ድሮ ይህን የሚያደርገው እሱ ነበር። አባ መስመር ይሉታል፣ ማስታወሻ ሲጽፍ ራሱም በዚሁ ነው የሚፈርመው፣ እያንዳንዱን መንገድ በእጁ እየጻፈ፣ ከዚህ ተነስቶ በድልድይዋ አልፎ እዚያ ይግባ እያለ፣ የሚስቱን ልደት ይረሳል እንጂ አንዲት መስመር አይረሳም። ከሦስት ሳምንት በፊት የመጨረሻዋን መንገድ ከእጁ ተረክባ እቴጌ ዙፋኗ ላይ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ሲጀምሩ፣ የኮረብታው መስመር ይታነቃል፣ በወንዙ ድልድይ ላይ የምትሻገረው የድልድይዋ መስመር ባዶዋን ትውላለች፣ ስልክ ይቆራረጣል፣ ደንበኛ ይሳደባል። ሰፊ መስመር፣ ጤነኛ፣ ባዶ። እቴጌ ለምን ትሸሻታለች፣ ማን ሹክ ብሏት ነው?

ማን ይሆናል። ከእቴጌ ጋር ቀኑን ሙሉ የምትውለው ባለመነጽሯ ናት።

ባለፈው ሳምንት ወንበሯን ስባ ጠጋ አለችው፣ ጋሼ፣ የድልድይዋን መስመር ክብደት አንድ ጊዜ አብረን ብናየው? አብረን። ለምን አብረን፣ ለብቻዋ አታይም፣ ዓይን አላት፣ መነጽርም አላት፣ ነገሩ ሲፈነዳ የሱም እጅ አብሮ እንዲገኝ ነው እንጂ። ድልድይዋን እንዳትነኪ፣ አላት፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። እሺ ጋሼ አለች፣ ፈገግ ብላ። ፈገግታዋ ነው ያላማረው።

ስለዚህ ጻፈ። ጉዳዩ፡- በኔትወርክ ሥርዓቱ ላይ ሆን ተብሎ ስለተፈጸመ የአሠራር መዛባት። ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ባልደረባዬ ያለ ክፍሉ ዕውቅና የመስመር ምርጫውን ሳያዛቡ እንዳልቀሩ ከፍተኛ ጥርጣሬ ያለኝ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ። በትሕትና። ዛሬ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ለዳይሬክተሩ ላከው፣ ውሏ የሚታደሰው ወይ የማይታደሰው ነገ ነው፣ እሱ ምን አገባው፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት፣ ብቻዋን ነው የምታሳድጋት፣ እሱ ምን አገባው፣ ያየውን ነው የጻፈው።

ምን አየህ?

ማስረጃ አምጣ ይሉታል እኮ። እስቲ የድልድይዋን መዝገብ ይክፈት፣ የእጇን አሻራ ይፈልግ፣ ለስምንት ሰዓት አምስት ጉዳይ፣ በመስታወቱ ግድግዳ ማዶ ዳይሬክተሩ በጣቱ ይጠራታል፣ ባለመነጽሯ ቦርሳዋን ይዛ ትነሳለች፣ በአጠገቡ ስታልፍ፣ ጋሼ፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ፣ ትለዋለች። ሻዩን ምን ነካክታበት ይሆን።

ይከፍታል። የድልድይዋ መስመር። ክብደት፣ ስልሳ ሺህ።

የሌሎቹ ክብደት አሥር ነው፣ ሃያ ነው፣ እቴጌ ደግሞ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቀላሉን ነው የምትመርጠው፣ ስልሳ ሺህ ማለት በዚህ በኩል እንዳታልፊ ማለት ነው። ይኸው፣ ያዝኳት፣ ይኸው ጉድሽ፣ ከጎኑ ማስታወሻ አለ፣ ለጊዜው፣ ይላል፣ ድልድዩ እስኪጠገን። ከሥሩ ቀን። ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ቀን። ስም።

አባ መስመር።

ዝናቡ። ጎርፉ የድልድዩን ምሰሶ ሲገዘግዘው እሱ መኪና ውስጥ፣ ላፕቶፑ ጭኑ ላይ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ድልድዩን ታክኮ ያለፈው ገመድ አሁን ይበጠሳል አሁን ይበጠሳል እያለ፣ ስልሳ ሺህ ብሎ ጻፈባት፣ ማንም እንዳያልፍባት፣ የአንድም ሰው ስልክ ሳይቋረጥ አደረ፣ ምስክር ወረቀት ሰጡት፣ ሳሎን ተሰቅሏል። ድልድዩ ተጠገነ። ስልሳ ሺዋን ሳያነሳ መንገዶቹን መልሶ በእጁ ጻፈ፣ በድልድይዋ እለፉ አላቸው፣ በእጅ የተጻፈ መንገድ ደግሞ ክብደት አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብሎ ሄደ። እቴጌ የእሱ መንገድ ሲነሳላት ተጽፎ ያገኘችውን አነበበች፣ አመነች። በዚህ ክፍል ቃሉን ሳትጠራጠር ያመነችው እሷ ብቻ ናት።

ያ የሚዘጋው ገጽ፣ ያ ከላይ ሰማያዊ ያለው፣ ይኸው ገጽ ነው። እንዳያፍር ነው የምትዘጋው። አብረን ያለችው አብረን ልትለው ነው፣ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። አሥር ብሎ ይጻፍ፣ ማስታወሻውን ይሰርዝ፣ መስመሩ ይድናል፣ ደብዳቤው እንደተጻፈ ይቆማል፣ እሷ የሱ ስም ነበረበት ብትል ማን ያምናታል፣ ገጹ ጸድቷል፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። በመስታወቱ ማዶ መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች፣ እየጠረገች ነው ወይስ እያለቀሰች፣ ከዚህ አይለይም። ያፍራል። እንዲህ አፍሮ አያውቅም፣ ጆሮው ድረስ ይሞቀዋል። ምንም ሳይነካ ይነሳል፣ ስክሪኑን እንደተከፈተ ይተወዋል፣ የፈለገ ይየው።

ያንኳኳል። ግባ፣ ደግ መጣህ፣ ይላል ዳይሬክተሩ፣ ደብዳቤህን እያነበብኩላት ነበር። ደብዳቤውን ይተዉት፣ ይላል አባ መስመር፣ ድልድይዋን የዘጋኋት እኔ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እሷ ልታሳየኝ ብትመጣ እኔ ነኝ ያባረርኳት። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ያገላብጠዋል፣ በጀርባው ባዶ ነው። ባለመነጽሯ ቀና አትልም፣ ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታነሳለታለች።

ለምን አነሳችው፣ ምን አስባ ነው፣ አጠገቧ አስቀምጣ ምን ልትለኝ ነው፣ ይላል ልቡ፣ ያ የማያርፈው ልቡ፣ እና ይቀመጣል።