ምሽጉን የደፈነው አፈር

መለኪያው ሜትር የጤፉን አናት እየታከከ ሲጎተት ጥሩሰው ጫፉን ረግጦ ያዘው።

"አባቴ፣ ይልቀቁት እንጂ፤ ለመለካት እኮ ነው" አለች ሒክማ። መንገዱን የሚያሰፋው ድርጅት የላካት ወጣት መሐንዲስ ናት። ከተራራው የሚቆረጠውን አፈርና ድንጋይ አከማችቶ ለየሥራው ለማከፋፈል የሚሆን ቦታ እንድትመርጥ ታዝዛለች።

"የሚለካ የሚሸጥ ነው። እኔ መሬቴን ገበያ አላወጣሁም።"

"ሦስት ቦታ አየሁ። የሐይቁ ዳር አይሆንም፤ ዝናብ አፈሩን ውሃው ውስጥ ይከተዋል። የቀረው የጋራ ግጦሹና ይኼ ነው። ይኼኛው ለመንገድ ይቀርባል፤ ደግሞም አፈር ሲደፋበት ቆይቷል" ብላ ወደ ማሳው ዳር ጠቆመች።

ጥሩሰው እግሩን ከሜትሩ ላይ አነሳ። አፈር መድፋቱን ያስጀመረው ራሱ ነው።

በ2014ቱ ጦርነት ማሳውን ለሁለት የሰነጠቀ ምሽግ ተቆፍሮበት ነበር። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ከፊሉ በጆንያ ተሞልቶ ተወሰደ፤ ቀሪውን ጎርፍ ጠረገው። ከሚስቱ ከሰርካለም ጋር በቅርጫት ቢያግዙ ቢያግዙ ጉድጓዱ አልጠግብ አለ። ባለፈው በጋ ጥሩሰው እርጎ ይዞ ወጣና ከመንገድ ሥራው አንዱን የገልባጭ መኪና ሹፌር ጥቂት አፈር እንዲደፋለት ለመነው። ሹፌሩ ሩቅ ከመሄድ ተገላግሎ ደስ እያለው ደፋለት። ምሽጉ ሞላ፤ ጥሩሰው መረቀው። ምርቃቱን ሌሎቹም ሹፌሮች የሰሙ ይመስል እየመጡ ማራገፍ ጀመሩ። "በቃኝ" ቢል ማን ሰምቶት! የማሳው ዳር የድንጋይ ክምር ሆነ። ውለታ የዋለለትን ሰው መክሰስ ነውር መስሎት ዝም አለ።

ድርጅቱ ከግጦሹና ከጥሩሰው ማሳ አንዱን መንደሩ ይምረጥ ብሎ ስለነበር ቅሬው ከሰዓት በኋላ ተሰበሰበ። በዚያ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሬሳውን አብሮ የሚቀብረው በቅሬ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ቤቱ ሐዘን ቢገባ ደጁን የሚረግጥ አያገኝም።

"ግጦሹ ከሄደ የሁላችንም ከብት ያልቃል" አለ የቅሬው ዳኛ አብደላ፣ ከልጅነት ጓደኛው ከጥሩሰው ዓይኑን እያሸሸ። "ላንተ ካሳ ይከፈልሃል። አፈሩንም የጠራኸው አንተው ነህ።"

"ምሽግ ልድፈን ብዬ ነው።"

"ወላሂ፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ይጎዳ ወይስ መንደሩ?"

"አንዱ ሰው አንተ ብትሆንስ፣ አብደላ?"

አብደላ ወደ ተሰብሳቢው ዞረ። "የጥሩሰው ማሳ ይሁን የምትሉ እጅ አውጡ" አለ።

ሁሉም አወጡ። በጦርነቱ ሰሞን የገዛ ቤታቸው ተዘርፎ ከጥሩሰው ጎተራ የበሉት ሳይቀሩ አወጡ። ጥሩሰውን ከመሬቱ ይልቅ ያንገበገበው ይኸው ነበር።

ሲበተኑ አብደላ ተከተለው። "አብሽር፣ ማሽኑ ሰኞ ነው የሚገባው። ነገ ቅሬው ወጥቶ ጤፍህን ያጭድልሃል።"

"ምኑን? ገና ፍሬ እንኳ አልያዘም።"

"ለከብት ይሆንሃል። ከአፈር በታች ከሚቀር ይሻላል።"

በማግሥቱ ጠዋት ቅሬው በሙሉ ማጭድ ይዞ መጣ። አብደላ ከፊት ነው። ሰርካለም ከበሩ ላይ ሆና አየቻቸውና "ለሥራ የመጣ ሰው ነው፤ ቁርስ ላቅርብ?" አለች።

"አታቅርቢ" አለ ጥሩሰው። በሬዎቹን ፈትቶ በሰዎቹ መካከል ነዳቸው። ማሳው ጋ ሲደርስ የአጥሩን እሾህ አንስቶ ጣለ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለ አብደላ።

"ማጭዳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።"

"የቅሬ እጅ አይመለስም፣ ጥሩሰው። መመለስ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። ስሞትም አፈር ለማልበስ አትቸገሩ፤ ሹፌሮቹ ይደፉብኛል።"

በሬዎቹ ጤፉ ጠርዝ ላይ ደርሰው ቆሙ። ዕድሜ ልካቸውን አዝመራ በቀመሱ ቁጥር የተመቱ ናቸው። ጥሩሰው ዱላውን አነሳና እንዲገቡ መታቸው።