ቁልፍ የምትሰፋው ሴት

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሐኪሟ ፓርኪንሰን የሚባል የነርቭ በሽታ ነው አለችና ኪኒን አዘዘችለት፤ ጠዋት አንድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ፣ ማታ አንድ። ኪኒኑ እጁን መለሰለት። ክር በመርፌ ቀዳዳ ሲያሾልክ ያየሁ ዕለት እዚያው ፊቱ አለቀስኩ።

እናቴ ይህን ሳታይ ሞተች፤ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቁልፍ የምትሰፋው እሷ ነበረች። መድኃኒት ላይ ቀልድ አታውቅም። አባቴን ጉንፋን ሲይዘው ሽሮፑን በማንኪያ ለክታ ታጠጣውና «አፍህን ክፈት» ትለዋለች፤ መዋጡን ካላየች አትለቀውም። አንዲት ጠብታ ብትዛነፍ ጎረቤት ሁሉ ይሰማ ነበር። ቁጣዋን ለእኔ አውርሳኛለች።

ባለፈው ወር አባቴ ወደቀ። ከጋለው ካውያ ለጥቂት ተረፈ። ምን ልታደርግ ተነሳህ ብለው ወደ ስፌቱ ተመለሰ። የኪኒኑን ብልቃጥ ሳየው መኖር ካለበት ስምንት ኪኒን ጎድሏል።

«አባዬ፣ እየረሳህ ትደግማለህ እንዴ?»

«አንድ ቀን ረስቼ ደገምኩ» አለ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ። «እናትሽ መጣች። ከዚያ ወዲህ ረስቼ አላውቅም።»

ለካ ከዘጠኝ ሰዓቱ ኪኒን ላይ አንድ ይጨምራል። ትንሽ ቆይቶ ፀሐይዋ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ወርዳ ወንበሩ ላይ ስታርፍ እናቴ እዚያ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ሸሚዝ ዘርግታ፣ ክር በጥርሷ ይዛ። ክሩ አያልቅም፣ ቁልፉም አያልቅም። ያን ዕለት እሱ የወደቀው ለእሷ መቀስ ላቀብል ብሎ ሲነሳ ነው።

«ይሄ የኪኒኑ ሥራ ነው» አልኩት። «ለሐኪሟ እንንገራት።»

«ከነገርናት ታስቆመኛለቻ። እናትሽም ትቀራለች።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሃል ይሄ ነው። እኔስ? አንተን ማን ይመልስልኛል?»

ዓይኑን ወደ ወንበሩ መለሰ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሁለቱንም ውጧል።

«ያቻት» አለ ቀስ ብሎ።

ዞሬ አየሁ። ብርሃኑ ውስጥ የጨርቅ ብናኝ ይንሳፈፋል። ላያት ፈለግሁ፤ ምን ልዋሽ፣ በጣም ፈለግሁ።

«ምን ትላለች?»

«ምንም። ትሰፋለች።»

«ትርፏን እንደምትውጥ ታውቃለች?»

«ራሴ ነግሬያታለሁ።»

«እና ዝም አለችህ?»

አባቴ ወንበሩን ብዙ አየው። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ።

«የኔ ሚስትማ ብትሆን ብልቃጡን አናቴ ላይ ትሰብረው ነበር» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ይቺ እሷ አይደለችም።»

በማግስቱ ለሐኪሟ ራሱ ነገራት። ካዘዘችው አንዲት እንኳ እንዳይጨምር፣ ፈርቶም በድንገት እንዳያቆም አስጠንቅቃ መጠኑን አስተካከለችለት። ሴትዮዋ ቀስ በቀስ ደበዘዘች፤ መጀመሪያ ፊቷ፣ ቀጥሎ ሸሚዙ። በመጨረሻ ክሩ ብቻ ቀረ፣ እሱም ሄደ። አባቴ ለሳምንት ያህል ለወንበሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሰፋ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቁልፍ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። አባቴ ብልቃጡን ከፈተ፣ አንዷን አውጥቶ ዋጠ። ክዳኑን ግን ቶሎ አልገጠመውም። ሌላዋን ሲያይ አየሁት።

«አንድ ናት» አልኩት። «አፍህን ክፈት።»

ከፈተ፣ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው። ከዚያ ሳቁ መጣና መዝጋት አቃተው፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቷል።

«አሁን መጣች» አለ።