የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ

የሂሳብ መምህርቷን ተማሪዎቹ «መቀስ» ይሏታል። ነጥብ ስትቆርጥ አታዝንማ! ስሙን ታውቀዋለች፤ እንዲያውም በሆዷ ትንሽ ደስ ሳይላት አይቀርም። በዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከእሷ ቀድሞ ግቢ የሚገባ መምህር የለም። የሰዓት ድልድሉን የምታወጣውም እሷ ናት። ሂሳብን በየቀኑ መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አስቀምጣዋለች፤ «ሂሳብ ያልደከመ ጭንቅላት ይፈልጋል» ትላለች። ማንም ተከራክሯት አያውቅም። እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረባት፤ መምህር የማይከራከርበት ነገር ምን ጊዜም ጤና የለውም።

የሚያበሳጯት የታች ሰፈር ልጆች ናቸው። ስም ስትጠራ ወንበራቸው ባዶ ነው። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደወል ግን ከች ይላሉ። በሌላው ትምህርት ከላይ ሰፈር ልጆች እምብዛም አያንሱም፤ በሂሳብ ግን እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። «የት ነበራችሁ?» ስትላቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «አርፍደን ነው» ይላሉ። በየቀኑ ማርፈድ አለ እንዴ? ሂሳብ ፈርተው፣ እሷንም ሸሽተው ነው ብላ ከደመደመች ቆይታለች።

ርዕሰ መምህሩ ደግሞ የስምንተኛ ክፍልን ውጤት በሰፈር ከፋፍሎ ሲያይ ደነገጠ። «አማካያችንን ወደ ታች የሚጎትቱት የታች ሰፈሮቹ ናቸው» አለ። በሂሳብ የወደቁት ተለይተው የድጋፍ ክፍል ይከፈትላቸው የሚል ሐሳብም አመጣ። ስሙ ያምራል። ግን እዚያ የገባ ልጅ ለማለፊያው ፈተና አይቀመጥም፤ ሁለተኛ ደረጃን በሩቁ ነው የሚያየው። መቀስም «ይሁን» ብላ ነበር።

መምህራኑ በሐሳቡ ላይ ድምፅ በሚሰጡበት ዕለት ጠዋት የተሳፈረችበት አውቶብስ ጎማው ፈነዳ። በመምህርነት ዘመኗ አርፍዳ የማታውቀው ሴት፣ ላብ በላብ ሆና ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። የግንቡን ጥግ ይዘው የቆሙትን ልጆች ስታይ ክው አለች። ባዶዎቹ ወንበሮቿ በሙሉ እዚያ ናቸው።

«እርስዎ ይግቡ እትዬ» አለ ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ። «እነሱ ሁለተኛው ደወል እስኪደወል ይቆያሉ። የዳይሬክተሩ ትእዛዝ ነው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ ነዋ! አያውቁም እንዴ?»

አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ የዩኒፎርማቸው እጅጌ እስከ ክርናቸው ርሷል። «ሚጢጢ» የሚሏት ደቃቃ ልጅ ግንቡን ተደግፋ ደብተር ታነባለች።

«እጅጌሽን ምን ነካው?» አለቻት መቀስ።

«ውሃ ነው ቲቸር። የእኛ ቦኖ የሚከፈተው ጠዋት ብቻ ነው። ወረፋው ካለፈን ቤት ውሃ የለም።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አርፍደን ነው ብለን ነበር እኮ።»

ሚጢጢ ዕድሉን ካገኘች አይቀር ደብተሯን ዘረጋች። «ከጎረቤቴ ገልብጬ ነው፤ እሱም ሳይገባው ነው የጻፈው። ቁጥሩ የእኩል ይሆናልን ምልክት ተሻግሮ ሲሄድ መደመሩ ለምንድን ነው መቀነስ የሚሆነው?»

መቀስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከሁለቱም ወገን እኩል ሲቀነስ ሚዛኑ እንደማይናጋ በጣቷ አፈር ላይ ጽፋ አሳየቻት። ልጅቷ ዓይኗን አጥብባ አየችና ሳቀች።

«እንዴ! ታዲያ የተሻገረ ነገር የለማ! ተሻገረ የሚሉን ውሸት ነው።»

ላይ ሰፈር ካሉት መካከል ይህን ያለ ልጅ አልገጠማትም። ደስ አላት፤ አፈረችም።

ስብሰባው ላይ እንቅጩን ተናገረች። «ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። ሂሳብ የሚያስተምራቸው የለም። ጥፋቱ የእኔ ድልድል ነው። ወይ በሩ ይከፈት፣ ወይ የሂሳብ ሰዓት ይለወጥ።»

«በሩ ከተከፈተ የላይ ሰፈር ወላጆች ሥርዓት ጠፋ ብለው ይነሱብናል» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«እንግዲያው ሂሳብ ወደ አራተኛው ይውረድ። መጀመሪያውን ማን ይወስዳል?»

የሳይንሱ መምህር መነጽሩን መወልወል ጀመረ። የስፖርቱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንደሚመጣ አስታወሰ። ምሳዋን የምትጋራት የቋንቋ መምህርቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«እህቴ፣ እኛም የምንመዘነው በልጆቹ ውጤት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት መጀመሪያውን ስትወስጂ ዝም ያልነው ለምን መሰለሽ?»

ሁሉም ያውቅ ነበር! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው፣ እሷን እያመሰገኑ ልጆቹን በር ላይ ትተዋቸዋል። ንዴቷ እንባ ሆኖ መጣ። ይሁን እንጂ እነሱን ለመውቀስ አፏን ስትከፍት የራሷ «ይሁን» ትዝ አላት።

«የሰዓቱን ነገር ለከርሞ እናየዋለን» አለ ርዕሰ መምህሩ። «የድጋፍ ክፍሉን የምትደግፉ?»

እጆች ወጡ። የእሷ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

በማግስቱ የተለዩት ልጆች ስም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ሚጢጢም አለችበት። የላይ ሰፈር ልጆች ከበው «ደደቦች ክፍል!» እያሉ ሳቁባቸው። ከዚያ ወዲህ ሚጢጢ በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ክፍለ ጊዜ አልታየችም።

መቀስ ጥቂት ቀን ታገሠች። አንድ ጠዋት ግን የራሷን ክፍል ያለ መምህር ትታ ወደ ታች ሰፈር ወረደች። ቦኖው ጋ ጀሪካኑ ተሰልፏል፤ ሴቶቹ ይጨቃጨቃሉ። ሚጢጢ ከፊት ካሉት መካከል ናት፤ ዩኒፎርም አልለበሰችም።

«ቲቸር! ክፍልዎን ትተው መጡ?» አለች ደንግጣ።

«ላንቺ ነው የመጣሁት። ከሰዓት በኋላ እኔው አስተምርሻለሁ። ፈተናውንም በግል ተመዝግበሽ ትቀመጫለሽ፤ እኔ እሮጥልሻለሁ። ተመለሺ ልጄ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «እናቴ፣ ደደብ ነሽ ካሉሽ ለምን ትለፊያለሽ፣ ውሃውን በደንብ ቅጂ አለችኝ።»

«ደደብ አይደለሽም! አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«እኔማ አውቃለሁ» አለች ሚጢጢ ቀስ ብላ። «እርስዎም አሁን አወቁ።»

ከላይ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያው ደወል ተሰማ። ከሰልፉ ኋላ የነበሩ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች መንቆራጠጥ ጀመሩ። የሚጢጢ ተራ ደረሰ። ጀሪካኗን ወደ ጎን ጎተተችና ዞር ብላ ለልጆቹ ቦታ ለቀቀች።

«ቅደሙ» አለቻቸው። «እኔን የሚያስቸኩለኝ የለም።»