ዋሱ የሞተበት

«ነጋ! ያቺ ገመድ ላልታለች፤ ሰው ላይ ፀሐይ ገባ እኮ፣ አቦ!»

ነጋ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ ገመዱን ሳበ፣ ካስማው ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመው። ሲመለስ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። የለቅሶ ቤት አግዳሚ የተነሳ ሰው አይጠብቅም። እንደ ትናንቱ ከድንኳኑ ውጪ፣ ውሃ በርሜሉ አጠገብ ቆመ።

ድሬ፣ ለገሃሬ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው ነጋ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ እንጀራው ይኸው ነው። የሺአረግ ድንገት ስታርፍ ግን መጀመሪያ ታይዋን ገበያ ሄዶ ጥቁር ሸሚዝ ገዛ። ጥቁር ለብሶ ካስማ ሲመታ ያዩት ሴቶች ተንሾካሾኩ።

«ይሄ ደግሞ ምኗ ነው?»

«ከእስር ቤት ካመጣቻቸው አንዱ ነው።»

«ውይ! እና ጥቁር?»

ሰምቷል። ወንድሟ አይደለም፣ ባሏ አይደለም፣ አበልጇ እንኳን አይደለም። እሱ ግን ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረውም፤ እውነቱ ይኸው ነው።

አምስት ዓመት ታስሮ በተፈታ ቀን በሩ ላይ ቆማ ያገኛት እሷን ነው። ከዚያ በፊት አይቷት አያውቅም። በአንድ እጇ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በሌላው አዲስ ነጠላ ጫማ ይዛለች። «ቁጥሩን በግምት ነው የገዛሁት፤ ቢጠብህ እንዳትስቅብኝ» አለችው። በባጃጅ ቤቷ ወሰደችውና እጅህን ታጠብ ብላ ጓዳ አስገባችው። ታጥቦ ሲጨርስ ገርበብ ያለው በር ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ቢቆይባት መጥታ ከፈተችው።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

ነጋ አፈረ። ለካ የሚከፍትለት ሰው እየጠበቀ ነው።

«የኔ ወንድም፣ ይሄ በር ከውስጥም ይከፈታል» ብላ ሳቀች። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ከእሷ በፊት የተፈታ ሰው ፌስታሉን አንጠልጥሎ እግሩ ወደመራው ይሄድ ነበር። የሺአረግ ያላንኳኳችው በር የለም። ማረሚያ ቤቱ የሚፈቱትን ስምና ቀን አስቀድሞ እንዲነግራት አግባባች። መጋላ ሰፈር ወርዳ ዳቦ ቤት ያላትን ናስራን ለተፈቱት ሥራ እንድትሰጥ፣ እሺ እስክትል ነዘነዘች። እድሩን ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ተነስታ «የሞተውን መቅበር ታውቃላችሁ፤ የወጣውንም መቀበል ልመዱ» አለቻቸው። ተሳሳቁና ከዕቃ ቤቱ አንድ ጥግ ሰጧት። የተፈታ ሰው ሦስት ወር እዚያ፣ በድስትና በድንኳን እንጨት መካከል ያድራል። የሁሉም ዋስ እሷ ነበረች። «ቢሰርቅ እኔን እሰሩኝ» ትላለች።

ለምን እንዲህ እንደምትደክም ለነጋ የነገረችው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ ሲሻገሩ። ታናሽ ወንድሟ ታስሮ ነበር። ከተባለው ቀን አንድ ቀን ቀድሞ ለቀቁት። በሩ ላይ ማንም የለም። ባዶ እጁን ቤት መግባት አፈረና እዚህ አሸዋ ላይ ጋደም አለ። ድሬ ጠብታ ሳይወርድባት፣ ከላይ ከደጋው የወረደ ጎርፍ ወሰደው።

«የሚጠብቀው ቢኖር ኖሮ...» አለች።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጋ ጋሽ ገብረ መድኅን ፊት ቆመ። የባቡር ጡረተኛና የእድሩ ዳኛ ናቸው። ናስራ ዳቦ አምጥታ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ጉሌድ ነገ ጠዋት ይፈታል። አብረን አንድ ክፍል ነበርን። የሺ ልትቀበለው ነበር።»

«ነገማ ሠልስት ነው። ድንኳኑን ማን ያነሳል?»

«መጥቼ አነሳዋለሁ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ብቻ ስጠኝ።»

«ቆይ እስቲ፣ ተረጋጋ። ያ ነገር በእሷ ዋስትና ነበር። ዋስ ከሞተ... ከአርባዋ በኋላ ተሰብስበን እንመክራለን።»

«አቦ፣ የተፈታ ሰው አርባ ቀን መንገድ ላይ ይቆማል እንዴ?» አለች ናስራ። «የኔ ዳቦ ቤት አልሞተም፣ ወላሂ። ይምጣ ይሥራ።»

«ሥራውስ እሺ። ማደሪያውን ነው የምለው።»

«እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» አለ ነጋ።

ጥግ ላይ ካርታ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ቀና አሉ። ጋሽ ገብረ መድኅን ክፉ ሰው አይደሉም፤ የተናገሩት ቀስ ብለው፣ እንደ አባት ነው።

«ልጄ፣ አንተ ራስህ እኮ በእሷ ዋስትና ያለህ ሰው ነህ።»

አራት ዓመት ሙሉ ነጻ ወጥቻለሁ ብሎ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑን እንደተተከለ ትቶት ሄደ። ከወጣ ወዲህ ወደ ማረሚያ ቤቱ በር ተጠግቶ አያውቅም። ቆሞ ሲጠብቅ ዓይኑ የገዛ ሸሚዙ ላይ አረፈ። መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ቤት ገብተው፣ ሰው ከቦ ነው። ጉሌድን ናስራ ዳቦ ቤት ወስዶ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ ከእሷ ጋር ሁለት ሆነው ቀስ ብለው ይነግሩታል። ጥቁሩን አወለቀና ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠው። በካናቴራ ቀረ።

በሩ ተከፈተና ጉሌድ ወጣ፤ ከስቷል። ግራ ቀኝ ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ ነጋ መጣ።

«ወርያ፣ ነጋ።»

«እንኳን ለዚህ አበቃህ! የሺ እኮ... ትንሽ አሟት ነው። ና፣ መጀመሪያ ሻይ...»

«ተው፣ አቦ። ሰምተናል።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ጠያቂ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ለቅሶ ተቀምጠንላታል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። ብርድ ልብስ ወጥረን ጥላ ሠራን። ያወቃት ሁሉ ተራ በተራ ስለ እሷ ያወራል። አሁንም ትቻቸው ነው የወጣሁት።»

ነጋ ግንቡን ቀና ብሎ አየው። ከተፈታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምነው እዚያ ውስጥ በሆንኩ አለ። ሦስት ቀን ያልመጣለት እንባ አሁን መጣ። በካናቴራው ሊጠርገው ሞከረና አልቻለም።

ጉሌድ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠ። ሸሚዙን ከነጋ ብብት ሥር መዝዞ ሁለት ጊዜ አራገፈው፣ እጁን እንዲያስገባም ያዘለት። ከዚያ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ይቆልፍለት ጀመር። የአንገቱ ቁልፍ አልገባ ብላ አስቸገረችው፤ ጠጋ ብሎ እንደገና ሞከራት።